ስቡ ይወጣል፣ ሌሊቱን ማን አብሮሽ ያድራል?

ሲስተርን ጠይቁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ድሮ የሚጻፍልኝ ስለ ጨጓራና ስለ ግፊት ነበር። ዘንድሮ ግን ስብ በቀዶ ጥገና ስለማስወጣት፣ ላይፖሰክሽን ስለሚባለው፣ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነርስ ነኝ። ሰባት ዓመት አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ አሥራ አራት ዓመት ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ ማገገሚያ ክፍል ሠርቻለሁ። ሰው ከማደንዘዣ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ነው። መልሴም ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚታየውን ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሰሚት ነው። 37 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሁለተኛዋን የወለድኩት በኦፕሬሽን ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ኪሎዬ 81። ሆዴ ከወሊድ በኋላ አልገባ አለ። ቲክቶክ ላይ ያገኘሁት አንድ የኢስታንቡል ክሊኒክ ፎቶዬን በዋትስአፕ አይቶ «ትችያለሽ» ብሎኛል። ሆዴን፣ ጎኔን፣ ጀርባዬንና ክንዴን በአንድ ቀን ሠርተው የወጣውን ስብ ዳሌዬ ላይ ይሞሉልኛል። ከነሆቴሉ አምስት ቀን ነው። የእህቴ ሠርግ ጥር ላይ ስለሆነ በታኅሣሥ መጀመሪያ ልሄድ ነው። ከወሊድ መከላከያ ኪኒን ሌላ የምወስደው መድኃኒት የለም። ባለቤቴ ለሥራ የምሄድ ነው የመሰለው። ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ? ከመሄዴ በፊትስ ምን ማወቅ አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልቆጣሽ አይደለም። እኔም አስወጥቻለሁ። በ44 ዓመቴ፣ ከሦስት ልጅ በኋላ፣ ከሆዴና ከጎኔ ሁለት ሊትር የማይሞላ። ለዘመድ ሁሉ «የሐሞት ጠጠር ነው» አልኩ። እናቴ ብቻ አጥሚት ይዛ መጣችና ወገቤ ላይ የታሰረውን አይታ «ደግሞ ወለድሽ እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ ልፈርድብሽ አልችልም። የጻፍሽልኝ ዕቅድ ግን እንዳለ ከሆነ አትሂጂ።

የኪሎውን ነገር ቶሎ እንለፈው። አንድ ሊትር ስብ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማኅበር በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ የሚመጠጥ ከሆነ ሆስፒታል ወይም ፈቃድ ባለው የሕክምና ተቋም ውስጥ ይሁን፣ ታካሚዋም ክትትል እየተደረገላት ትደር ይላል። ያ 5 ሊትር ደግሞ ንጹሕ ስብ አይደለም። ውኃና ደም ተቀላቅሎበታል። እንግዲህ ሚዛን ላይ የሚታይሽ ሦስት፣ አራት ኪሎ ቢሆን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይማ ሰውነትሽ ውኃ ስለሚይዝ ጭራሽ ትጨምሪያለሽ። እኔ በአራተኛው ቀን ተመዝኜ አልቅሻለሁ። ላይፖ የሚለውጠው ቅርጽሽን ነው። ባንቺ ቁመት 81 ኪሎ ሲሰላ ቢኤምአይሽ፣ ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዛዘንበት ቁጥር፣ 30ን አለፍ ይላል። ብዙ ሐኪሞች ደግሞ ከ30 በታች የሆነችውን ነው ደስ ብሏቸው የሚሠሩት። አራት አምስት ኪሎ ቀድመሽ ብትቀንሺ ማደንዘዣውም ይቀልልሻል፣ ውጤቱም ያምራል።

አሁን ወደ ሆድሽ እንምጣ። አልገባ ያለው ነገር ስብ መሆኑን ማን ነገረሽ? እስቲ በጀርባሽ ተኚ። ጉልበትሽን አጥፊና ጭንቅላትሽን ብቻ ቀና አድርጊ። ከእምብርትሽ በላይና በታች መሐል ለመሐል ጉብ ብሎ የሚነሳ ነገር አለ? ጣትሽስ በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል ይገባል? እንዲያ ከሆነ በእርግዝና የተራራቀው ጡንቻ አልገጠመም ማለት ነው። ስቡ ቢወጣም እሱ አይገጥምም። የተንጠለጠለ ቆዳም እንዲሁ ነው። ስቡ ሲወጣ ባዶ ከረጢት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ የሚሠራው ቆዳውን ቆርጦ ጡንቻውን መስፋት ነው። እሱ ከላይፖ የከበደ ኦፕሬሽን ነው፣ ጠባሳውም ከዳሌ እስከ ዳሌ ነው።

ሆድሽ አንዴ ስለተከፈተም የምፈራው ነገር አለ። ጠባሳው አካባቢ ወይም እምብርት ላይ ሄርኒያ፣ እኛ ቡአ የምንለው፣ ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ ቱቦውን ከቆዳ ሥር ሲያመላልስ ጫፉን አያየውም። በእጁ ስሜት ነው የሚሠራው። ሄርኒያ ባለበት ደግሞ አንጀት እስከ ቆዳው ሥር መጥቶ ይቀመጣል። ይህን የሚያውቀው በእጁ የዳሰሰሽ፣ ከተጠራጠረም አልትራሳውንድ ያዘዘ ሐኪም ነው። ዋትስአፕ ሆድ አይዳስስም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለውበት የሚሠራ ቀዶ ጥገና ያለ አካል ምርመራ እንዳይደረግ በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ሕግ የወጣው ሰው ሞቶ ነው። የዘፋኙ የካንዬ ዌስት እናት ዶንዳ ዌስት በ2007 እንዲህ ዓይነት ኦፕሬሽን ተሠርታ በማግሥቱ ቤቷ ውስጥ ሞተች። የልብ ሕመም ነበረባት። ሕጉም በስሟ ይጠራል።

ቱቦው ሲስትስ? የናይጄሪያ ቀዳማዊት እመቤት ስቴላ ኦባሳንጆ በ2005 ጥቅምት ላይ ስፔን ሄደው ማርቤያ ውስጥ አሠሩ። 60 ዓመት ሊሞላቸው ሳምንታት ቀርቷቸው ነበር። ቱቦው ሆድ ዕቃቸው ውስጥ ገባ። አንጀታቸው ተበሳ፣ ጉበታቸው ተጎዳ፣ ሞቱ። ሐኪሙ በ2009 የአንድ ዓመት እስር ተፈረደበት። ገንዘብም ሰውም ያላጡ ሴት ነበሩ።

እንደዚህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። እኔ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፦ ሌሊቱ።

ለምን መሰለሽ? ስቡ ከመመጠጡ በፊት ጨው ያለበት ውኃ ሊዶኬይን ከሚባለው ማደንዘዣና ከአድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ በሊትር በሊትር ከቆዳሽ ሥር ይገባል። ይህን ዘዴ በ1980ዎቹ ያመጣው ጄፍሪ ክላይን የተባለ የካሊፎርኒያ የቆዳ ሐኪም ነው። ትልቅ ውለታ ውሏል። ከዚያ በፊት የሚፈሰው ደም ብዙ ነበር። ነገር ግን ሊዶኬይን ልክ አለው። ለእያንዳንዱ ኪሎሽ 35 ሚሊግራም፣ ግፋ ቢል 55። ሆድ፣ ጎን፣ ጀርባ፣ ክንድ በአንድ ቀን ሲባል ውኃውም መድኃኒቱም ይደመራል። መድኃኒቱ ደምሽ ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ደግሞ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከገባሽ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ። ያኔ የት ነሽ? ሆቴል። መድኃኒቱ በዝቶብሽ ከንፈርሽ ቢደነዝዝ፣ ጆሮሽ ቢጮህ፣ አፍሽ ብረት ብረት ቢል ለማን ትናገሪያለሽ? በምን ቋንቋ?

ቀጥሎ የሚመጣው የረጋ ደም ነው። በ2000 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ላይፖዎችን ቆጥሮ ከ5,000 ገደማ አንድ ሰው መሞቱን አገኘ። ዋናው ምክንያት ከእግር ተነሥቶ ሳንባ የገባ የረጋ ደም ነበር። ዛሬ ጥንቃቄው ተሻሽሏል። አንቺ ግን ነገሩን የሚያባብስ ሁሉ ተሰብስቦልሻል፦ ኪኒኑ፣ ኪሎው፣ ረጅሙ ኦፕሬሽን፣ በላዩ የአውሮፕላን ወንበር። ከኢስታንቡል አዲስ አበባ አምስት ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው። የሐኪሞቹ ማኅበር እንኳን ከላይፖ በኋላ ለመብረር ቢያንስ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይጠበቅ ይላል። እኔ ለራሴ እህት ቢሆን ሁለት ሳምንት ነው የምላት። የአምስት ቀኑ ጥቅል መድረሻና መመለሻውንም ይጨምራል አይደል? ቁጠሪው።

ኪኒኑን ግን ይህን አንብበሽ ዛሬውኑ እንዳትጥዪው። ብዙ ሐኪሞች ኢስትሮጅን ያለበትን ከአራት ሳምንት በፊት ያስቆማሉ፣ በምትኩ ሌላ መከላከያ ይሰጣሉ። ሳይሰጥሽ ካቆምሽ ላይፖው ቀርቶ ሦስተኛ ልጅ ነው የሚመጣው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይትና የነጭ ሽንኩርት እንክብል ደም ያቀጥናሉ። ቤት ውስጥ የምትጠጪውን ባህላዊ ነገር ሁሉ፣ ሻይም ይሁን ዱቄት፣ ለሐኪሙ ዘርዝሪለት። ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ አንድ ወር ይቁም። ደም ማነስም ይታይ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ የገና ጾም ላይ ነው። የምትጾሚ ከሆነ ቁስል ለመዳን ፕሮቲን እንደሚፈልግ አትርሺ። ሽሮና ምስሩን አብዢ፣ ወይም ንስሐ አባትሽን አማክሪ። ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። ለእኔ ፈቅደውልኛል። እርግጥ እሳቸውም የሐሞት ጠጠር ነው ያሉት። ኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

የዳሌውን ነገር አታንሺብኝ። ተይው። የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ማኅበራት በ2018 በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ ከ3,000 ገደማ አንዷ ልትሞት ትችላለች ብለዋል። ከውበት ኦፕሬሽኖች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። ስቡ በስሕተት ጡንቻው ውስጥ ከተወጋ ትልልቆቹ የደም ሥሮች ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ልብና ሳንባ ነው። አሁን የሚመከረው ከቆዳ ሥር ብቻ እንዲሞላ ነው። ቱቦው የት እንዳለ በአልትራሳውንድ እያዩ የሚሠሩም አሉ። የአንቺዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቀሻል?

ከጠየቅሽ አይቀር ሌላውንም ጨምሪበት። የሚሠራኝ ሐኪም ሙሉ ስሙ ማነው? ስፔሻሊቲው ምንድን ነው? ምናልባት መልስ የሚሰጥሽ ሻጭ ነው። ስሙን ካልነገረሽ እዚያው ላይ ይብቃሽ። ማደንዘዣውን የሚሰጠው የማደንዘዣ ሐኪም ነው ወይስ ራሱ ቀዳጁ? ስንት ሊትር ነው የምታወጡት? በዚያ ቀን ስንት ሰው ትሠራላችሁ? ሕንፃው ውስጥ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ ወይስ በአምቡላንስ ነው? አገሬ ከገባሁ በኋላ ቁስሌ ቢያመረቅዝ ማን ያየኛል? ለመጨረሻው ጥያቄ «ፎቶ ትልኪልናለሽ» ካሉሽ ማንም አያይሽም ማለት ነው።

ቱርክ ውስጥ ጥሩ ሐኪም የለም እያልኩ እንዳይመስልሽ። አለ፣ በጣም ጥሩ። አዲስ አበባም አለ። የየካቲት 12 ሆስፒታልን ስም ሰው የሚያውቀው በቃጠሎና በከንፈር መሰንጠቅ ሕክምና ነው፤ ያ ሙያ ፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ነው። ኢስታንቡል ከመሄድሽ በፊት እዚያው አገርሽ ካሉት ስፔሻሊስቶች ለአንዱ የካርድ ከፍለሽ ሆድሽን አስዳስሺ። ስብ ነው፣ ጡንቻ ነው፣ ቆዳ ነው፣ ሄርኒያ ነው? ይህን ካወቅሽ ግማሹ መንገድ አለቀ።

ከሠርጉ ጋር ያለውን ስሌት ደግሞ እኔ ልንገርሽ፣ ሻጩ አይነግርሽም። የተሠራሽ ቀን ማታ ከቀዳዳዎቹ ቀይ ውኃ ይወርዳል። ደም የመሰላት እህቴ ጮኻለች። ፍራሹ ላይ ፕላስቲክ አንጥፊ። የተሠራውን ቦታ ጨምቆ የሚይዘውን ጥብቅ ልብስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀንም ሌሊትም ትለብሻለሽ። እኔ በነሐሴ ነበር ያሠራሁት። የዚህን አገር የነሐሴ ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ቀን ልብሱን ስታወልቂ ደምሽ ዝቅ ይልና ራስሽን ልትስቺ ትችያለሽ። እኔ ሻወር ውስጥ ወደቅኩ፣ ያውም ነርስ ሆኜ። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ፣ ሰው አጠገብሽ ቆሞ አውልቂው። ከዚያ መበለዝ፣ መደንዘዝ፣ ጓጉሎ መቅረት አለ። ሆዴ ላይ ያለው ድንዛዜ እስኪለቅ አምስት ወር ፈጅቶብኛል። የመጨረሻው ቅርጽ የሚታየው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው። በታኅሣሥ ተሠርተሽ ለጥር ቀሚስ ብታሰፊ ልኩ የሚወሰደው እብጠትሽ ላይ ነው። ለእህትሽ ሠርግ አሁን ያለሽን ሰውነት የሚያምር ቀሚስ አልብሺው።

ባለቤትሽን ንገሪው። ትዳርሽ ውስጥ ልገባ አይደለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ባትሽ ብቻ አብጦ ቢያምሽ፣ ወይ ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ደረትሽን ቢወጋሽ፣ «ቆይ እስኪነጋ» የማይባልበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ የሚያነሣሽ ሰው የት እንዳለሽ ማወቅ አለበት። ማገገሚያ ክፍል ስሠራ አንዲት ልጅ «ቤተሰብ ጥሪልኝ፣ ግን ምን እንደተሠራሁ እንዳትነግሪያቸው» ብላኛለች። ምን ብዬ እንደምደውል እስካሁን አላውቅም።

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ታክሲ እነዳለሁ። ስኳር አለብኝ። ቦርጬ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ባስወጣው ስኳሬ ይስተካከላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይስተካከልም። እስቲ ቦርጭዎን በጣትዎ ይቆንጥጡት። ተቆንጥጦ የሚያዘው ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ነው፤ ላይፖ የሚያወጣው እሱን ብቻ ነው። እንደ ከበሮ የተወጠረው ከጡንቻው ጀርባ፣ አንጀት መሐል ነው ያለው። ቱቦ እዚያ አይገባም፣ እንዳይገባም ነው የምንጸልየው። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ በ2004 የወጣ ጥናት ነበር። 15 በጣም ወፍራም ሴቶች ከሆዳቸው 10 ኪሎ ገደማ ስብ ወጣላቸው። ከ10 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ስኳራቸውም፣ ግፊታቸውም፣ ኮሌስትሮላቸውም ሲለካ ያው ነው። የአንጀት መሐሉ ስብ ደስ የሚለው ነገር ለእግር ጉዞና ለምግብ ቶሎ እጅ ይሰጣል። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ መኪናው ውስጥ አይቀመጡ፣ ዞር ዞር ይበሉ። ኦዜምፒክ ስለሚባለው የስኳር መርፌም ሐኪምዎን ይጠይቁ። ከጀመሩ ደግሞ ለማንኛውም ኦፕሬሽን ሲገቡ መድኃኒቱን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ። ጨጓራ ቶሎ ስለማይጸዳ ማደንዘዣ ላይ ችግር ያመጣል።

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ፣ ዱባይ ነው የምሠራው። አንዲት የአገሬ ልጅ ሳሎን ውስጥ ስብ የሚያቀልጥ መርፌ ሆዴ ላይ ልትወጋኝ ነው። ኦፕሬሽን ስላልሆነ አይጎዳም አይደል?

መልስ፦ አይሆንም፣ የኔ እናት። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለስብ ማቅለጫ የፈቀደው መርፌ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም ለአገጭ ሥር ነው፣ ለሆድ አይደለም። በየሳሎኑ የሚወጉት ያልተፈቀዱ መርፌዎች ኢንፌክሽን፣ ጠባሳና የቆዳ መበላሸት እንዳመጡ መሥሪያ ቤቱ በ2023 አስጠንቅቋል። ዱባይ ውስጥ የሚወጋሽ ሰውም ቦታውም የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ቀድመሽ ተወግተሽ ከነበረና ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለሽ ማዳሚቱን ፈርተሽ አትደብቂ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ።

ጥያቄ፦ ከኔታንያ ነው የምጽፈው። ጆሮዬን ስበሳ ኬሎይድ የሚሉት ያበጠ ጠባሳ ወጥቶብኛል። ላይፖ ቀዳዳው ትንሽ ነው ይላሉ። እሱም ኬሎይድ ያወጣል?

መልስ፦ ሊያወጣ ይችላል። ቀዳዳዎቹ ሦስት፣ አራት ሚሊሜትር ናቸው፤ ብዙ ጊዜ እምብርት ውስጥና የውስጥ ሱሪ መስመር ላይ ይደበቃሉ። ለኬሎይድ ግን ትንሽነቱ ዋስትና አይሆንም፤ የጆሮሽም ቀዳዳ ትንሽ ነበር። እኛ ጥቁሮች ላይ ደግሞ ኬሎይድ ባይወጣም ቦታው ጠቁሮ ወራት ይቆያል፣ ጥብቁ ልብስ የፈተገው ሁሉ ይጠቁራል። ምርመራ ስትሄጂ ፀጉርሽን ወደ ኋላ አስሪና ጆሮሽን አሳዪው። ክንድሽ ላይ የክትባት ጠባሳ ካለም እሱንም። «ችግር የለውም» ብሎ ሳያየው ካለፈሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ።